የድረ ገጻችሁን የጎን ዝርዝር በሲኤስኤስ ማስተካከል፦ ከጥቁር ነጥብ እስከ ፩ ፪ ፫

ሐዋሳ፣ ሐይቁ አጠገብ ላለ አንድ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነበር። ባለቤቷን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ሥራው ሊያልቅ ሲል ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩና ገጹን አሳየኋቸው። ፎቶዎቹን ወደዷቸው። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ቀኝ ጎን ቀሰሩና፣ "ልጄ፣ ይሄኛው ምነው እንዲህ ተዝረከረከ?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ጎን ላይ አምስት መስመር ዝርዝር አለ፦ የመኝታ ክፍሎች፣ ቁርስና ምሳ፣ የጀልባ ሽርሽር፣ ከአሞራ ገደል እስከ ታቦር ተራራ የእግር ጉዞ፣ አድራሻችን። ጥቁሮቹ ነጥቦች ከሳጥኑ ጠርዝ ወጥተው ግማሻቸው ተቆርጧል። የእግር ጉዞው መስመር ረጅም ስለሆነ ሦስት ቦታ ታጥፏል። መስመሮቹ ተጣብቀዋል፤ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር አይለይም። ዲዛይኑ የተሰፋው ለእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ሲገባበት ይጠበዋል።

ይሄን ለማስተካከል ሃያ መስመር የማይሞላ ሲኤስኤስ፣ ማለትም የገጹን መልክና አቀማመጥ የሚወስነው ኮድ፣ ይበቃል። ፕሮግራመር መሆን አይጠበቅባችሁም። በርጋታ፣ አንድ አንድ መስመር እየጨመሩ ማየት ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የኮዱን ቃላት እዚህ የምጽፋቸው አፋችን ላይ በምንጠራቸው መልክ ነው፤ ለጓደኛ በስልክ እንደሚነገረው። እናንተ ስትተይቡ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በትንንሾቹ ፊደላት ጻፏቸው። በቃላት መካከል ሰረዝ ካያችሁ ሰረዙም ይተየባል።

ኮዱ የት ይጻፋል?

ድረ ገጽ መሥሪያው ዎርድፕረስን የምትጠቀሙ ከሆነ የቴሙን፣ ማለትም ለገጹ መልክ የሚሰጠውን የተዘጋጀ ዲዛይን፣ ፋይል በቀጥታ አትንኩ። ይሄን የምላችሁ ደርሶብኝ ነው። አንድ ጊዜ ለአንድ ሱቅ ድረ ገጽ የሁለት ቀን ሥራ ሠርቼ ሁሉንም የቴሙ ስታይል ፋይል ውስጥ ጻፍኩት። ከወር በኋላ የቴሙ አዲስ ስሪት መጣ፤ ባለሱቁ አፕዴት የሚለውን ነካ። አዲሱ ፋይል አሮጌውን ተካው፣ የእኔ መስመሮችም አብረው ጠፉ። ቅጂ አልያዝኩም ነበር። ሁለቱን ቀን እንደ አዲስ ሠራሁት።

ዎርድፕረስ ከ4.7 ስሪት ጀምሮ፣ ማለትም ከ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ፣ ለዚህ የራሱ ቦታ አለው። አፒራንስ ሥር ከስተማይዝ፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ አዲሽናል ሲኤስኤስ የሚል ሳጥን ታገኛላችሁ። እዚያ የጻፋችሁትን ቴሙ ሲታደስ አይነካውም። በተጨማሪ እየተየባችሁ ለውጡ እዚያው አጠገቡ ይታያችኋል። ከስተማይዝ የሚለውን ካጣችሁት ቴማችሁ በብሎክ፣ እንደ ጡብ በሚደረደሩ ክፍሎች፣ የተሠራ አዲሱ ዓይነት ነው ማለት ነው። ያኔ አፒራንስ፣ ኤዲተር፣ ስታይልስ ብላችሁ ግቡ፤ ሦስቱን ነጥቦች ስትነኩ አዲሽናል ሲኤስኤስ ይመጣል።

ዎርድፕረስ ካልሆነ ደግሞ የራሳችሁ የስታይል ፋይል መጨረሻ ላይ ጻፉት። መጨረሻ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ሁለት ትእዛዞች እኩል ክብደት ሲኖራቸው በኋላ የመጣው ያሸንፋል።

ዝርዝሩን በስሙ ጥሩት

ጀማሪ ሁሉ እዚህ ይሳሳታል። ዩኤል ብሎ ይጀምርና ነጥቡን ያጠፋል። ዩኤል ማለት ቁጥር የሌለው ዝርዝር ነው፤ ገጹ ላይ ያለ ቁጥር የሌለው ዝርዝር ሁሉ ዩኤል ነው። የላይኛው ምናሌ፣ ጽሑፉ ውስጥ ያለው ዝርዝር፣ የግርጌው ሊንክ ሁሉ አብሮ ይለወጣል። ሰፈር ውስጥ ገብቶ "አንተ ልጅ!" ብሎ እንደ መጣራት ነው፤ ሁሉም ዞር ይላል።

ስለዚህ ስሙን ፈልጉ። ኮምፒውተር ላይ ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ክፈቱ። ዝርዝሩ ላይ የማውሱን ቀኝ ተጫኑና ኢንስፔክት የሚለውን ምረጡ። ከታች ወይም ከጎን የገጹ አጥንት፣ ኤችቲኤምኤል የሚባለው ኮድ፣ ይወጣል። እያንዳንዱ መስመር ኤልአይ ነው። ኤልአዮቹን ያቀፈው ዩኤል ነው። ዩኤሉን ያቀፈው ሳጥን ላይ ክላስ የሚል ታያላችሁ፤ ከእኩል ምልክቱ በኋላ ያለው ስሙ ነው።

በድሮዎቹ ዊጄቶች፣ ጎን ላይ በሚደረደሩት ትንንሽ ክፍሎች፣ ስሙ ዊጄት ብሎ ይጀምራል። ከ5.8 ስሪት ወዲህ ግን ዊጄቶችም ብሎክ ሆነዋል፤ ስማቸውም ከቴም ቴም ይለያያል። እኔ የምመክረው የራሳችሁን ስም እንድትሰጡት ነው። ዝርዝሩን ግሩፕ በሚባለው ብሎክ ውስጥ አስገቡት። ግሩፑን ምረጡና በቀኝ በኩል አድቫንስድ የሚለውን ክፈቱ። አዲሽናል ሲኤስኤስ ክላስ በሚለው ሳጥን ውስጥ ሳይድ-ሊስት ብላችሁ ጻፉ። ነጥብ አያስፈልገውም፤ ነጥቡ የሚመጣው ሲኤስኤሱ ውስጥ ነው። ስሙን ግሩፑ ላይ ሳይሆን ዝርዝሩ ላይ ካደረጋችሁት ክላሱ ዩኤሉ ላይ ራሱ ያርፋል። ያኔ ከታች ባሉት ትእዛዞች ውስጥ ዩኤል የሚለውን ቃል ተዉት።

ቦታውን አስተካክሉ፣ ምልክቱን ምረጡ

ብራውዘሮች ለዝርዝር በግራ በኩል 40 ፒክስል ባዶ ቦታ ይሰጣሉ። ነጥቡ የሚቀመጠው እዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው። ለሰፊ ጽሑፍ ጥሩ ነው። 250 ፒክስል ስፋት ላለው የጎን ሳጥን፣ ለሳይድባር፣ ግን ከስድስት አንድ እጁን በከንቱ መስጠት ነው። አንዳንድ ቴም ደግሞ ይሄን ቦታ ዜሮ ያደርገዋል። የእትዬ ገጽ ላይ የሆነው ይሄ ነው፤ ነጥቡ መቀመጫ ሲያጣ ከሳጥኑ ወጥቶ ተቆረጠ። መፍትሔው ልኩን መስጠት ነው።

.ሳይድ-ሊስት ዩኤል {
ማርጂን: 0;
ፓዲንግ: 0 0 0 1.6ኢኤም;
ሊስት-ስታይል-ታይፕ: "፨ ";
}

ማርጂን ከሳጥኑ ውጭ ያለው ባዶ ቦታ ነው፤ ፓዲንግ ደግሞ ከሳጥኑ ውስጥ ያለው። ፓዲንግ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ከላይ፣ ከቀኝ፣ ከታች፣ ከግራ ናቸው። ኢኤም የፊደሉን መጠን ተከትሎ የሚያድግ መለኪያ ነው፤ 1.6 ማለት የፊደሉ መጠን አንድ ከግማሽ አካባቢ ማለት ነው። ሰው ፊደሉን ቢያሳድገው ቦታውም አብሮ ያድጋል። ፒክስል ግን ባለበት ይቀራል።

ሦስተኛው መስመር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የምወደው እሱን ነው። ሊስት-ስታይል-ታይፕ የሚቀበላቸው የተዘጋጁ ቃላት አሉ፦ ዲስክ ጥቁር ነጥብ፣ ሰርክል ባዶ ክብ፣ ስኩዌር አራት ማዕዘን። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ያቆማል። ግን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ የፈለጋችሁትን ምልክት ብትሰጡትም ይቀበላል። እኛ ደግሞ የራሳችን ምልክት አለን። ፨ ከድሮ ጀምሮ በመጽሐፎቻችን ውስጥ አንቀጽ ሲያልቅ የሚቀመጥ ነው። ፠ም አለ። ለአማርኛ ዝርዝር ከጥቁር ነጥብ ይልቅ እነዚህ ያምራሉ፤ ከፊደሉ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው።

ከ፨ በኋላ፣ ጥቅሱ ከመዘጋቱ በፊት፣ አንድ ባዶ ቦታ እንዳለ ልብ በሉ። እሱ ከሌለ ምልክቱ ከመጀመሪያው ፊደል ጋር ይጣበቃል። ዲስክ ስትሉ ክፍተቱን ብራውዘሩ ይጨምራል፤ በጥቅስ ስትሰጡት ግን የሰጣችሁትን ብቻ ነው የሚያወጣው።

የምልክቱን ቀለም ብቻ ለይቶ መቀየርም ይቻላል።

.ሳይድ-ሊስት ኤልአይ::ማርከር {
ከለር: #006699;
}

ከማርከር በፊት የእንግሊዝኛው : ሁለት ጊዜ ይተየባል። ይሄኛው ቁጥር ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው፤ እትዬ ሲያዩት "የሐይቃችን ቀለም" አሉት። ጽሑፉ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ምልክቱ ብቻ ይቀልማል። ማርከር ላይ ቀለምና የፊደል መጠን ይሠራሉ። ማርጂን፣ ፓዲንግና የጀርባ ቀለም ግን አይሠሩም፤ እነሱን እየሞከራችሁ ጊዜ አታጥፉ።

ሥዕል እንደ ምልክት ማስገባትም አለ። አልመክረውም። መጠኑን እንደ ልብ መቆጣጠር አይቻልም።

ምልክት ጨርሶ የማትፈልጉ ኖን ትሉታላችሁ። ያኔ አንድ ችግር አለ፦ ሳፋሪ ላይ ማየት ለተሳናቸው ገጹን የሚያነበው ድምፅ ዝርዝር መሆኑን መናገር ያቆማል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ ዩኤሉ ላይ ሮል የሚል ባሕርይ ጨምሩና ዋጋውን ሊስት አድርጉት።

ቁጥር በግዕዝ

የእትዬ ገጽ ላይ ሁለተኛ ዝርዝር አለ፤ ከመናኸሪያ እስከ ማረፊያው እንዴት እንደሚደረስ በቅደም ተከተል የሚናገር። ባጃጅ ይያዙ፣ ገብርኤል ሲደርሱ ይውረዱ፣ እያለ ይቀጥላል። ቅደም ተከተል ስላለው ዩኤል ሳይሆን ኦኤል ነው፤ ባለ ቁጥሩ ዝርዝር። ይሄን በ፩ ፪ ፫ ማድረግ ፈለግኩ።

ብዙ ሰው ቁጥሩን በእጁ ይጽፋል። አታድርጉት። መሀል ላይ አንድ መስመር ስትጨምሩ ሁሉንም ማረም ይመጣል። ሲኤስኤስ የግዕዝን ቁጥር ያውቃል። ኦኤሉ ላይ ሊስት-ስታይል-ታይፕ ብላችሁ ኢትዮፒክ-ኒውመሪክ ስጡት። በቃ። ፩/ ፪/ ፫/ እያለ ይሄዳል። እዝባሩን፣ ይሄን / ምልክት፣ እኛ አላስገባነውም። የሲኤስኤስ ደንብ ራሱ ከግዕዝ ቁጥር በኋላ እዝባር እንዲመጣ ይላል፤ እኛ በወረቀት ላይ ሀ/ ለ/ ብለን እንደምንዘረዝረው። ይሄን መጀመሪያ ሳይ ደስ ብሎኛል። ደንቡን ሲጽፉ የእኛን አጻጻፍ ያየ ሰው ነበር ማለት ነው።

ሁለት ነገር አስታውሱ። ቁጥሩ ከ10 ሲያልፍ ፲፩/ ሆኖ ይሰፋል፤ ስለዚህ የግራውን ፓዲንግ ወደ 2.4 ኢኤም ከፍ አድርጉት። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ ስለሌለው ዝርዝሩን ከዜሮ አታስጀምሩ። ይሄን ስም የማያውቅ አሮጌ ብራውዘር ቢያጋጥም ኦኤል በተፈጥሮው ወዳለው 1፣ 2፣ 3 ይመለሳል፤ ገጹ አይበላሽም።

በቁጥር ፋንታ ሀ፣ ለ፣ ሐ የምትፈልጉም ትኖራላችሁ። የራሳችሁን መቁጠሪያ መሥራት ትችላላችሁ። አት ምልክት (@) አድርጋችሁ ካውንተር-ስታይል ብላችሁ ስም ስጡት። ውስጡ ሲስተም የሚለውን አልፋቤቲክ አድርጉት። ሲምቦልስ በሚለው ላይ "ሀ" "ለ" "ሐ" "መ" እያላችሁ እያንዳንዱን ለብቻው በጥቅስ፣ በመሀላቸው ባዶ ቦታ እያደረጋችሁ ደርድሩ። ሰፊክስ ላይ "/ " ጻፉ። ከዚያ ለሊስት-ስታይል-ታይፕ የሰጣችሁትን ስም ትሰጡታላችሁ። ሳፋሪ ይሄን የተቀበለው ከ17ኛው ስሪት ጀምሮ ነው፤ ክሮምና ፋየርፎክስ ቀድመውታል።

ፊደሉ ይተንፍስ

የተጣበቁት መስመሮች ጉዳይ ይሄ ነው። እንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ስላሉት በመስመሮች መካከል በተፈጥሮው አየር አለ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ሁሉም ከሞላ ጎደል ሙሉ ቁመት ነው። ለእንግሊዝኛ የሚበቃው 1.3 የመስመር ከፍታ ለእኛ ይጠባል። ኤልአዩ ላይ ላይን-ሃይት 1.7 አድርጉ። ቁጥሩ ብቻውን ይሁን፣ መለኪያ አትጨምሩበት።

ይሄ ብቻውን ግን አይበቃም። በአንድ ሐሳብ ውስጥ ባሉ የታጠፉ መስመሮች መካከል ያለው ክፍተት፣ በሁለት የተለያዩ ሐሳቦች መካከል ካለው ማነስ አለበት። ዓይን የሚለየው በዚያ ነው። ስለዚህ ማርጂን-ቦተም 0.7 ኢኤም ጨምሩ። የእግር ጉዞው መስመር ሦስት ቦታ ታጥፎም አንድ መሆኑ የታወቀው ይሄን ስጨምር ነው።

ሊስት-ስታይል-ፖዚሽን የሚባል አለ፤ አውትሳይድ ወይም ኢንሳይድ ይሆናል። አውትሳይድ ይሁን። ኢንሳይድ ካደረጋችሁት የታጠፈው መስመር ከምልክቱ ሥር ይገባል፣ ዝርዝርነቱ ይጠፋል። አማርኛ ላይ ረጃጅም ቃላት ስለሚበዙ ኦቨርፍሎው-ራፕ የሚለውንም ብሬክ-ወርድ አድርጉት፤ ቃሉ ከሳጥኑ እንዳይወጣ ይሰብረዋል።

የፊደል ዓይነት ላይ፣ ፎንት-ፋሚሊ ውስጥ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አስቀድሙ። አንድሮይድ ስልክ ላይ ብዙ ጊዜ የምናየው እሱ ነው። ከሱ ቀጥሎ ለዊንዶውስ ኤብሪማና ኒያላ፣ ለማክ ኬፋ። ኒያላ የራሱ ደማቅ ቅጽ የለውም። ቦልድ ስትሉት ብራውዘሩ በግድ ያወፍረዋል፤ በትንሽ መጠን እነ ጨ እና ጬ ተድበስብሰው ይታያሉ። ቴማችሁ ዝርዝሩን ዘመም አድርጎ የሚጽፍ ከሆነ ደግሞ ፎንት-ስታይል ኖርማል በሉት። የእኛ ፊደል ሲዘም አያምርም።

ለጣት የሚመች ሊንክ

ሰው ማረፊያ የሚፈልገው ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ፣ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ነው። የጎን ዝርዝሩም ስልክ ላይ ከጽሑፉ ሥር ይወርዳል። ሊንኮቹ ተጠጋግተው ከሆነ ጣቱ ቁርስን ሊነካ ሲል ጀልባን ይነካል። ሊንኩን፣ ኮዱ ውስጥ ኤ የምትባለዋን፣ ዲስፕሌይ ኢንላይን-ብሎክ አድርጉና ከላይና ከታች 10 ፒክስል ፓዲንግ ስጧት። ጉግል ለጣት የሚመክረው 48 ፒክስል ገደማ ቁመት ነው። አንድ መስመር ጽሑፍ ከፓዲንጉ ጋር እዚያ ይጠጋል። ሊንኩ ይሄን ያህል ከሰፋ ቅድም የጨመርነውን የታችኛውን ማርጂን ቀንሱት፣ አለዚያ ዝርዝሩ ይረዝማል።

የማይሠራ ከሆነ

መጀመሪያ የምታዩት ኪቦርዳችሁን ነው። እኛን ከሌላው ለይቶ የሚያጠቃን ስህተት ይሄ ነው። ፨ን ለመጻፍ ወደ አማርኛ ኪቦርድ ትቀይራላችሁ፣ ከዚያ መመለሱን ትረሱና የመስመሩ መጨረሻ ላይ በ; ፈንታ ፤ ትጽፋላችሁ። ለዓይን ይመሳሰላሉ። ለሲኤስኤስ ግን ፤ ማለት ምንም ማለት አይደለም። መስመሩ አልተዘጋም ብሎ ቀጣዩንም አብሮ ይጥለዋል። በ: ፈንታ ፡ ወይም ፦ ማድረግም ያው ነው። እኔ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አንዲት ፤ ስፈልግ ውያለሁ። አሁን ፨ን ሌላ ቦታ ጽፌ ኮፒ አድርጌ ነው የማመጣው፤ ኪቦርዱን አልቀይርም። ከስልክ ወይም ከወርድ ኮፒ ስታደርጉ ጥቅሶቹ ጠማማ ሆነው ይመጣሉ፤ እነሱንም አይቀበልም፣ ቀጥ ያሉት ይሁኑ።

ጽሑፉ ትክክል ሆኖ ለውጡ ካልታየ፣ ኢንስፔክት ውስጥ ኤልአዩን ወይም ዩኤሉን ምረጡና በስታይልስ ክፍል የእናንተን መስመር ፈልጉ። በላዩ ላይ መስመር ተሰርዞበት ካያችሁት ሌላ የከበደ ትእዛዝ አሸንፎታል። ክላስ እንደ ዩኤል ካለ ተራ ስም ይከብዳል፣ አይዲ፣ ለአንድ ነገር ብቻ የሚሰጠው ስም፣ ደግሞ ከክላስ ይከብዳል። ያሸነፈው ትእዛዝ እንዴት እንደተጻፈ እዚያው ተጽፏል፤ የእናንተን ከሱ እኩል ወይም በላይ አክብዱት። ለምሳሌ ከሳይድ-ሊስት በፊት የሳይድባሩን የራሱን ስም ጨምሩበት። ኢምፖርታንት የሚለውን ቃል ብዙዎች ወዲያው ይመዙታል። ሌላው ሁሉ ካልሠራ ብቻ ተጠቀሙት፤ አንዴ ከገባ በኋላ እሱን የሚያሸንፍ ሌላ ኢምፖርታንት ያስፈልጋል።

የእናንተ መስመር ጨርሶ ከሌለ ብራውዘሩ አሮጌውን ገጽ ከመጋዘኑ እያወጣ ሊሆን ይችላል። ኮንትሮል ይዛችሁ ኤፍ 5 ተጫኑ። የእትዬ ስልክ ላይ ጥቁሮቹ ነጥቦች በማግስቱም አልጠፉም ነበር፤ እኔ ጋ ግን ፨ ይታያል። በስልካቸው የግል መስኮት ከፍቼ ሳየው እዚያም ያው አሮጌው ነው። ችግሩ ስልኩ ጋ አልነበረም ማለት ነው። ገጹን ለማፍጠን የጫንኩት የካሽ ፕለጊን አሮጌውን ቅጂ ለጎብኚ ሁሉ እያደለ ነበር፤ እኔ እንደ አስተዳዳሪ ስለምገባ አዲሱን አያለሁ። ዳሽቦርዱ ላይ ካሹን አጸዳሁት። ስልካቸውን መልሰው ከፈቱና የእግር ጉዞውን መስመር ጮክ ብለው አነበቡት።